የአንድ ክረምት ቁመት

በቤታችሁ አንድ የበር መቃን ይኖር ይሆናል፤ በእርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ያሉበት፣ ከጎናቸውም ቀን የተጻፈበት። በእኛ ቤት የማዕድ ቤቱ በር ነው። የመጀመሪያው መስመር ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው የተሰመረ ነው። ከዚያ በኋላ በየልደቱ፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት፣ ተረከዙን ከመቃኑ አስጠግቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይቆማል። ተንጠራርቶ ሊያታልለኝ ሲሞክር እግሩን መታ አደርገዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ 14 ዓመት በሞላው ቀን፣ እርሳሴን ይዤ ስጠራው «እማ፣ ተዪው በቃ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። የዚያ ዓመት መስመር ሳይሰመር ቀረ።

ይህን የማነሳው ስለ አሶሳ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ነገሩ የተያያዘ ነው፤ ታገሡኝ።

የጎረመሰ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ትናንት ከትምህርት ቤት እስኪመጣ የማይጠብቅ፣ በር ላይ ሆኖ የቀኑን ወሬ ሁሉ የሚዘረግፍ ልጅ፣ ዛሬ መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ይሆናል፤ «እሺ» እና «ምንም»። ድምፁ አንዴ ይጎረናል፣ አንዴ ይቀጥናል። ጫማው በሦስት ወር ይጠበዋል። እግሩ ከእሱ ቀድሞ ያደገ ይመስል በየወንበሩ ይደናቀፋል። የሕክምና ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚረዝሙት እጅና እግር ናቸው፣ ሌላው አካል በኋላ ይደርሳል። ወንድ ልጅ እድገቱ በሚፈጥንበት ዓመት እስከ 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ሊመዘዝ ይችላል። ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚለው፣ ጠዋት አልነሳም የሚለውም ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በጉርምስና ወራት ከወትሮው ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ማንበብ ግን ከተዘጋ በር ፊት መቆምን አያቀልም።

እኔም ወላጆች የምናደርገውንና አድርገናል የማንለውን ነገር አደረግሁ። አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ስልኩን አንስቼ ከጓደኛው ጋር የተጻጻፈውን አነበብኩ። ያሰብኩት መጥፎ ነገር አልነበረም። ኳስ ነው፣ ቀልድ ነው፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። በመካከሉ ግን አንዲት መስመር አገኘሁ፤ «እናቴ አታወራም፣ ትጠይቃለች እንጂ»።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አልቻልኩም። «እኔ አላወራህም?» ብዬ አመለጠኝ። ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። ገባው። ከዚያ ቀን በኋላ «ምንም» የሚለው ቃል እንኳን ቀነሰ።

እኩያው ግድብ

አሶሳ የመሄድ ሐሳብ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የኮሌጅ ጓደኛዬ ለሥራ ወደዚያ ከሄደች ዓመታት ሆኗታል፤ «ክረምቱን ኑልኝ» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው» እላለሁ። በዚያ ክረምት እሺ አልኳት። ለልጄ ስነግረው እንደማይወደው እርግጠኛ ስለነበርኩ ማባበያ አዘጋጅቼ ነበር፤ «ግድቡን እናያለን» አልኩት።

ማባበያው ያለ ምክንያት አልነበረም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ልጄ ደግሞ የተወለደው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ሕፃን ሳለ «ግድቡ እኩያህ ነው» ብለነው ስለነበር እንደ ሰው ያስበው ነበር። «አሁን ስንት ሜትር ደረሰ? ከእኔ ይበልጣል?» ይለን ነበር። በ2012 ሐምሌ የመጀመሪያው ሙሌት ሲበሠር፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ተሰላችቶ የነበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሶፋው ላይ ቆሞ ጨፍሯል። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ሲጀምርም እንደ ወንድሙ ምርቃት ነበር ያየው።

ግድቡን እናያለን ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ግድቡ እኮ ያለው ጉባ ነው» አለኝ። «አሶሳ ያው እዚያው አይደል?» አልኩ። ትከሻውን ሰብቆ ዝም አለ።

የነገራችሁ ልጅ ትክክል እንደሆነ አንዳንዴ የሚገባችሁ ካረፈደ በኋላ ነው። ሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቢሆንም በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ነው። አሶሳ ደግሞ ከዓባይ ወዲህ፣ በስተደቡብ ናት። ወንዙ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ግድቡን መጎብኘትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሦስት ቀን ጉብኝት መሐል ደረስ ብሎ የሚመለሱበት ቦታ አይደለም። ጓደኛዬ አየር ማረፊያ ተቀብላን ይህን ስትነግረኝ ልጄ ከኋላዬ በዝግታ «ነግሬሽ ነበር» አለ። በሳምንታት ውስጥ የሰማሁት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ባጃጅ ውስጥ የተገኘች ሸጎሌ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እኛ የሄድነው በአውሮፕላን ነው፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ በረራ ነው። በነሐሴ ከደመናው በታች ስትወርዱ የምታዩት አረንጓዴ ዓይን የሚሞላ ነው። ብዙዎቻችን «ቆላ» ሲባል የሚታየን ደረቅና ነጭ አፈር ነው። አሶሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በክረምት ሹራብ ታስለብሳለች። አፈሯ ቀይ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ያስጠነቅቃል፤ መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከዚያ የቆርቆሮው ጩኸት፣ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ቀይ ወንዝ። ሲያባራም ፀሐዩ ወዲያው ይወጣና ሁሉ ነገር ይተናል።

ማንጎ ለመብላት ብትፈልጉ በግንቦት ሂዱ። እኛ ወቅቱ አልፎብን ነበር፤ በየግቢው ግን ወፍራም ጥላ ያለው የማንጎ ዛፍ ሞልቷል፤ ሰው ከሥሩ ወንበር አውጥቶ ያወራል።

ከተማዋ ብዙ ቋንቋ ትናገራለች። የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች አምስት ናቸው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። በአሶሳ ገበያ በርትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ በአንድ ድርድር ውስጥ ሲፈራረቁ ትሰማላችሁ። ሱዳን ቅርብ ናት፤ የድንበሯ ከተማ ኩርሙክ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ባለቀለም ረጅም ጨርቅ ከራስ እስከ እግር የተጎናጸፉ ሴቶች፣ በየሻይ ቤቱ ቀይ ከርከዴ። የክልሉ ስም ራሱ ከድንጋይ የመጣ ነው ይላሉ፤ በመንጌ በኩል ባለ ተራራ ላይ ካለው፣ በርታዎች «በላ ሻንጉል» ከሚሉት የተከበረ ቋጥኝ። «በላ» በርትኛ ድንጋይ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ በባጃጅ ስንዞር፣ ሾፌሩ ከአዲስ አበባ የትኛው ሰፈር እንደመጣን ጠየቀን። ስነግረው ሳቀና «ሸጎሌን ታውቃላችሁ?» አለን። ማን ሸጎሌን የማያውቅ አለ? የአውቶቡሱ መናኸሪያ፣ የጉለሌ ጎረቤት። «እሱ እኮ የእኛ ሰው ስም ነው» አለ።

እውነቱን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤኒሻንጉል ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲቀላቀል፣ ከአካባቢው ታላላቅ ገዢዎች አንዱ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። የቤኒሻንጉል ወርቅ ለግብር ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ሼሁም በመዲናዋ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ሕንፃው ዛሬም በቅርስነት ቆሟል። «ሼህ ኾጀሌ» በአዲስ አበባ ሰው አፍ ተጣጥፎ «ሸጎሌ» ሆነ።

«የእኛ ሸጎሌ?» አለ ልጄ፤ ከባጃጁ ወንበር ወደ ፊት ተስቦ። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ቤተ መንግሥቱ የትኛው ነው? መግባት ይቻላል? ወርቁንስ እንዴት ነበር የሚያወጡት? ሾፌሩ ከኋላ መስታወቱ እያየው መለሰለት። እናቱና አያቱ በክረምት ከወንዝ ዳር አፈር እየዛቁ፣ በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ እንዳደገ ነገረው። በበርታ ዘንድ ይህ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ ስንት ልጅ በዚያ ገበቴ ደብተር ተገዝቶለት ተምሯል።

እኔ ዝም አልኩ። ልብ ያልኩት አንድ ነገር ነበር። ልጄ መጠየቅ አላቆመም። እኔን መጠየቅ ነው ያቆመው። ምናልባት እኔ ሁልጊዜ መልሱን የማውቅ ሆኜ ስለምቀርብ ይሆናል፤ ምናልባትም የእኔ ጥያቄዎች ቦታውን ሁሉ ስለያዙት።

ቁመቱ ይቀድማል

በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ቀርከሃ ሠሪዎች ዘንድ ወሰደችን። በአሶሳ ዙሪያ ቀርከሃን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። አጥሩ ቀርከሃ ነው፣ የቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ ነው፣ ጎተራው፣ የንብ ቀፎው፣ አልጋው፣ ወንበሩ ሁሉ ቀርከሃ ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት ነባር ቀርከሃ አለ። በደጋው የሚበቅለው ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው ግን ቀጠን ብሎ ውስጡ ድፍን ነው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ጠንካራ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዚህ የቆላው ቀርከሃ ዋና አገር ነው።

ሠሪው ሃምሳን ያለፉ፣ ጣቶቻቸው በስንጥር የተጠራቀሙ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው የወሎ ነው። ልጄ «ጋሼ፣ እዚህ ነው የተወለዱት?» ሲላቸው ቢላቸውን አስቀመጡ።

የመጡት በ1977 ዓ.ም. ነው፤ በድርቁ ዓመት፣ በሰፈራ፣ የ13 ዓመት ልጅ ሆነው። ታሪኩን ትልልቆቻችን ያስታውሱታል። በዚያና በተከታዩ ዓመት ከወሎና ከሌሎች በረሃብ ከተጎዱ ቦታዎች በርካታ ሕዝብ ወደ አሶሳ ተጓጉዟል። ብዙው ሳይጠየቅ የተጫነ ነው፤ ነባሩም ሕዝብ ቢሆን ስለ መሬቱ አልተጠየቀም። ደገኛው ወባ ወዳለበት አገር ገብቶ ብዙ ሰው አልቋል። ዛሬም በአሶሳ ዙሪያ የዚያን ጊዜ የተሰጣቸውን ቁጥር እንደያዙ የሚጠሩ መንደሮች አሉ።

«አባቴ አገራችን ላይ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነበር» አሉ ሰውዬው። «መቼ እንደሚታረስ፣ ደመናው ምን እንደሚል፣ የቱ ቅጠል እንደሚያድን። እዚህ ስንመጣ ግን ዛፉን አያውቀው፣ ዝናቡን አያውቀው። ቋንቋውን እኔ ነኝ ቶሎ የለመድኩት። ገበያ ስንሄድ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ቀርከሃ መሥራቱንም ከበርታ ልጆች ጋር እየዋልኩ እኔ ነኝ ተምሬ ያስተማርኩት። አንድ ቀን ማታ ‹አንተ ምን ትላለህ?› ብሎ ጠየቀኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ነው ሰው የሆንኩት።»

ልጄ የሚሠሩትን በርጩማ እግር ይዞ እያገላበጠ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ከግቢው ጀርባ ወደሚገኘው የቀርከሃ ቁጥቋጦ ወሰዱን። ነሐሴ የቀርከሃ ወቅት ነው። ከመሬት ገና ብቅ ያሉ፣ እንደ ቀንድ የሾሉ፣ ቡናማ ቅርፊት የለበሱ ቡቃያዎች አሉ፤ በዚህ አገር ተቀቅለው ይበላሉ። ከጎናቸው በዚያው ክረምት ወጥተው ከእኛ በላይ የደረሱ አሉ። ቀርከሃ እንደ ሌላ ዛፍ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ አይወፍርም። ከመሬት ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ይወጣል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል።

ልጄ ረጅሙን፣ አዲሱን፣ አረንጓዴውን ቀርከሃ ይዞ «ይኼ ደርሷል፤ ለምን አይቆረጥም?» አለ።

ሰውዬው ሳቁ። «ቁመቱን አይተህ ነው? ቁመቱ በአንድ ክረምት ያልቃል። ውስጡ ግን ገና ውሃ ነው። አሁን ብቆርጠው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝ ይበላዋል፣ ወንበር ብሠራበት ሰው ይጥላል። ሦስት ዓመት ይፈልጋል።» ከዚያ ሌላውን አሳዩት፤ ቅርፊቱ የረገፈ፣ ቆዳው ደብዘዝ ያለ፣ ሲመቱት ድምፁ የሚለይ። ሁለቱም እኩል ቁመት አላቸው።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ማን ይጠብቀዋል?» አልኩ እኔ፤ ነገሩ ወደ ቤቴ እየመጣ እንደሆነ ስለተሰማኝ።

«እነዚህ ናቸዋ» አሉ አሮጌዎቹን ግንዶች መታ መታ እያደረጉ። «ከሥር አንድ ናቸው እህቴ። አዲሱ ቅጠል እስኪያወጣ ከአሮጌው ሥር ነው የሚበላው። ነፋስ ሲመጣም ተደግፎ ነው የሚያልፈው። አሮጌውን ሁሉ ከቆረጥኩበት አዲሱ ይጎብጣል። አሮጌውን ጨርሶ ካልቀነስኩለት ደግሞ ይታፈናል፣ መውጫ ያጣል።» ይህን ሲሉ ምክር እየሰጡኝ አልነበረም። ስለ ቀርከሃ ነበር የሚያወሩት። እኔ ነኝ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩት።

በልጅ ላይም ይህ ውስጡ ገና የመሆን ነገር ተረት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስናን ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወስነዋል። የአንጎል የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ነገን የሚያስብልን፣ ስሜትን የሚገታልን፣ አደጋን የሚመዝንልን ክፍል፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው እድገቱን የሚጨርሰው። ሰው ያህል የሆነ ቁመት ከፊታችሁ ሲቆም ግን ይህን ትረሳላችሁ። «አንተን የሚያህል ሰው!» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። ወይም በተቃራኒው፣ ውስጡ ገና መሆኑ ትዝ ሲላችሁ፣ ቁመቱን ጨርሶ ትክዱታላችሁ፤ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ቦርሳውን ትበረብራላችሁ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አድርጌያለሁ።

አልጋው ላይ የቀረ ስልክ

በሦስተኛው ቀን ልጄ ብቻውን ወደ ሰውዬው ተመልሶ በርጩማ መሥራት መሞከር እንደሚፈልግ ተናገረ። ብቻውን። በማያውቀው ከተማ። «እኔም ልምጣ?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጓደኛዬን አየኋት። «ባጃጁን እኔ አውቀዋለሁ፣ ሰውዬውንም አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። «እስከ አሥር ሰዓት ተመለስ» አልኩትና ገንዘብ ሰጠሁት። ሄደ።

ክፍላችን ስገባ ስልኩ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

ረስቶት ይሁን ትቶት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። አሥር ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ጀመረ፤ ያ የአሶሳ ዝናብ፣ ከቆርቆሮው በላይ ሌላ ድምፅ የማያሰማው። አሥር ተኩል። አሥራ አንድ። የሰውዬው ስልክ አይነሳም። ባጃጅ በዚያ ዝናብ አይንቀሳቀስም። እኔም በረንዳውና አልጋው መሐል እመላለሳለሁ፤ ስልኩም እዚያው አለ። ልነካው የምችልበት በቂ ምክንያት ነበረኝ እኮ፤ ለማን ደውሎ ይሆን፣ ምን ጽፎ ይሆን። እናት ነኝ፣ ልጄ ጠፍቶብኛል። እጄ ሁለቴ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ ፎጣ አንስቼ ሸፈንኩት። እንደ ሞኝ ስልክ በፎጣ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ሆኖ፣ አንድ ጎኑ ዘምበል ያለ በርጩማ በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ዝናቡ እስኪያባራ ሰውዬው እንዳልለቀቁት፣ አብሯቸው ሻይ እንደጠጣ ተናገረ። እኔ መቆጣት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ የወጣው ግን ሌላ ነው። ልጄ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ስልኩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አልከፈትኩትም» አልኩት። «ያኔ ግን ከፍቼው ነበር። አንብቤዋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

አገራችን ላይ ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ወይም ሳይናገር የሚወደውን ምግብ ሠርቶ ያቀርባል፤ የእኔ እናት ይቅርታ ዶሮ ወጥ ነበር። ቃሉን ማውጣት ከበደኝ፤ ድምፄም እንደ እሱ ድምፅ ተሰባበረ። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በርጩማውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ተንገዳገደች፤ ከሥሯ የታጠፈ ወረቀት ሸጎጠላት።

«የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ያን ማታ ስለ ጓደኛው ነገረኝ፣ ስለሚፈራው የሒሳብ አስተማሪም። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከአባቴ የደበቅሁትን ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሱ እንዳለው፣ አወራሁ እንጂ አልጠየቅሁም።

ብትሄዱ

ወደ አሶሳ ብትሄዱ የሚጠቅሟችሁን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ። ክልሉ ባለፉት ዓመታት በተለይ በመተከልና በካማሺ በኩል ብዙ ሕይወት የጠፋበት ግጭት አይቷል፤ በወለጋ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድም ስጋት የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ አውሮፕላኑን ምረጡ። አካባቢው ወባ አለበትና አጎበር መኖሩን አረጋግጡ፣ ሐኪማችሁንም አማክሩ። በክረምት ከሄዳችሁ ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ። ባሚያ ወጥ በማሽላ ገንፎ ቅመሱ፤ ልጆቻችሁ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ከዚያ ይጨምራሉ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ግድቡን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እንደ እኔ እንዳትሆኑ፤ ካርታውን ለልጃችሁ ስጡትና የሚላችሁን ስሙ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጅ የጎረመሰባችሁ ወላጆች፣ አንድ ጊዜ እናንተም የማታውቁት ቦታ ውሰዱት። ደብረ ዘይት፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ስንሄድ አስጎብኚው እኛ ነን፤ ምግቡን የምናዝዘው፣ መንገዱን የምናውቀው እኛ ነን፤ ልጁ ሻንጣ ነው። በማታውቁት አገር ግን እናንተም ትጠይቃላችሁ፣ ትሳሳታላችሁ፣ «ነግሬሽ ነበር» ትባላላችሁ። እዚያ መሐል ለልጁ የሚቆምበት ቦታ ይገኛል። ሰውዬው እንዳሉት፣ «አንተ ምን ትላለህ?» ለማለት አባታቸው አገር መልቀቅ ነበረባቸው። ለእኛ የሦስት ቀን መንገድ ይበቃል።

ወደ ቤት ተመልሰን ብዙም አልቆየን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ልጄና እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጠን በቴሌቪዥን አየነው። 145 ሜትር ቁመት፣ 1,780 ሜትር ርዝመት፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ልጄ ቁጥሩን ሁሉ ከጋዜጠኛው ቀድሞ ይናገር ነበር። ሶፋው ላይ ቆሞ አልጨፈረም፤ ዕድሜው አልፏል። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «14 ዓመት ፈጀበት» አለ። በድምፁ ውስጥ ለእኩያው የሚሰማው ዓይነት አክብሮት ነበረበት።

ማታ ሳህን እያጠብኩ ከኋላዬ መጣ። እርሳስ ይዟል። ጀርባውን ወደ መቃኑ የሚያዞር መስሎኝ እጄን ጠረግሁ። እሱ ግን «እማ፣ ነይ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። ተረከዜን አስጠጋሁ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ። ከጭንቅላቴ በላይ አሰመረና ቀኑን ጻፈበት። ከዚያ እርሳሱን ለእኔ ሰጥቶ ዞረ፤ የእሱን ለማስመር በአሶሳዋ በርጩማ ላይ መውጣት ነበረብኝ። አሁንም ትንሽ ትንገዳገዳለች።